ስፌቱ ውስጥ የቀረው ጨርቅ፦ ሐረር፣ መኪና ግርግር ላይ ስለሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ

ይህን የምጽፈው ቁም ሳጥን ውስጥ የቆየ ልብስ ላላችሁ ሰዎች ነው። «ጠቦኛል» ብላችሁ ያስቀመጣችሁት ኮት ወይም ጉርድ ካለ፣ ለሰው ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሐረር ውሰዱት። ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ላይ የሚሠራ አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ታፔላ የለውም። «ስሜን አትጻፊ» ስላለኝ አልጽፍም። ከፈረስ መጋላ ተነስታችሁ ወደ ጊዲር መጋላ ስትሄዱ መንገዱ አጋማሽ ላይ ጠባብ ሱቅ አለች። በሩ ላይ ባለ ፔዳል ጥቁር ሲንጀር፣ ከሲንጀሩ ኋላ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ አርባ ዓመት ያለፈው ሰው ታያላችሁ። እሱ ነው።

እኔ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው የምኖረው። ሠላሳ አምስት ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬ በ2016 ጡረታ ወጣሁ። ይዤ የሄድኩት ልብስ ጥቁር ሰማያዊ ሱፍ ነው፤ ኮትና ጉርድ። በ1981 መስከረም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍል ልገባ ስል እናቴ ያሰፋችልኝ።

ጨርቁን የገዛችው ከጅቡቲ በባቡር ዕቃ ከምታመጣ ጎረቤታችን ነበር። ያኔ ድሬ ውስጥ ጥሩ ነገር ሁሉ የሚመጣው በባቡር ነው። ባቡሩ በ1895 ከደረሰ ጀምሮ ከተማዋ የኖረችው በሱ ነው፤ ልጆች ሆነን ሰዓት የምናውቀው በፉጨቱ ነበር። አዲሱ ባቡር የሚቆመው ከከተማ ወጣ ብሎ ነው። ለገሃር አጠገብ የምንኖር ሰዎች ፉጨት ከሰማን ቆየን።

እናቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው ሐረር ስለሆነ ልብስ የምታሰፋው እዚያው ነበር። ድሬም ሰፊ ሞልቷል፤ እሷ ግን አትሰማም። ይዛኝ ሄደች። ሐረር ያኔ ታክሲው ሁሉ ፔጆ 404 ነበር። ጎዳናው ላይ ስንደርስ የልብስ መኪኖቹ ድምፅ ከሩቅ ተቀበለን። መኪና ግርግር የተባለውም በዚህ ድምፅ ነው።

ሰፊው ሽማግሌ ነበር። ጢሙን ሂና የተቀባ፣ የመነጽሩን እግር በክር ያሰረ። አሁን ሳስበው የኔን የዛሬ ዕድሜ ቢሆን ነው። በሃያ አምስት ዓመቴ ግን በጣም ሽማግሌ መስሎ ነበር የታየኝ። ለካኝ፣ ቁጥሩን በቃሉ ያዘ፣ ከዚያ እሱና እናቴ በሐረሪኛ ረጅም ወሬ ያዙ። እኔ ሐረሪኛ አልችልም። በዋጋ የሚከራከሩ ነበር የመሰለኝ።

በሳምንቱ ሄደን ወሰድን። ልብሱ ልክክ አለብኝ። ግን የሰጠነው ጨርቅ ሦስት ሜትር ተኩል ነበር፤ ቁራጭ አልተመለሰልንም። እኔ በትርፉ ቦርሳ ለማሰፋት አስቤ ነበር። መኪና ውስጥ «ሰውየው ቁራጩን በላው» አልኩ። እናቴ ዝም አለች። እኔ ግን አልረሳሁትም። ከዚያ በኋላ ልብስ ሊያሰፋ የሚሄድ ሰው ባየሁ ቁጥር «ጨርቅህን ከነቁራጩ ተቀበል፤ እኔ ሐረር ላይ ተበልቻለሁ» እል ነበር። ሠላሳ ሰባት ዓመት ሙሉ ይህን ስናገር ኖሬአለሁ። ይህን ጽሑፍ የምጽፍበት አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ድሬ ላይ ሱፍ የሚለበሰው ከኅዳር እስከ ጥር ነው፤ ያውም ጠዋት ጠዋት። እንደዚያም ሆኖ ብዙ ለበስኩት። ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ ቁልፉ አልዘጋ አለ። መስኮት አጠገብ ሰቀልኩት፤ «እቀንሳለሁ፣ እለብሰዋለሁ» እያልኩ። የድሬ ፀሐይ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ሰማያዊው ወደ አመድማ ሄደ። ኪሱ አጠገብም ብል ገባው።

ያልጣልኩት በእናቴ ምክንያት ነው። ቤቷ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ነበር። በ1998 ሐምሌ ማብቂያ ላይ ጎርፉ ሌሊት ሲመጣ እሷን ጎረቤት አወጣት። ፎቶዎቿ፣ ነጠላዎቿ፣ የሠርጓ ሳጥን ሄዱ። ብዙ ሰው ያለቀበት ሌሊት ስለነበር ስለ ዕቃ ማውራት ነውር ሆኖብን አንስተነውም አናውቅም። እሷም ከሞተች አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከእናቴ እጅ የቀረኝ ነገር ብትሉኝ ይህ ሱፍ ነው።

ዘንድሮ ልለብሰው ፈለግሁ። ልጆቼ «ምን ዝግጅት አለሽ?» አሉኝ። ምንም ዝግጅት የለኝም። መልበስ ፈለግሁ፣ በቃ።

መጀመሪያ የወሰድኩት እዚሁ ድሬ፣ መስታወት በመስታወት የሆነ ቤት ነው። ልጁ ስልኩን ይዞ ኮቱን በአንድ ጣቱ አነሳው። «ማዘር፣ ይሄ ጊዜው አልፎበታል። እርሶ አዲስ ቢያሰፉ ነው የሚያምርቦት» አለኝ። ገልብጦ እንኳ አላየውም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ በትህትና ነው የተናገረው። ያን ቀን የከበደኝ ግን «እርሶ» ማለቱ ነው። ድሬ ተወልዳችሁ ካደጋችሁ ይገባችኋል። እኛ ጋ አንቱታ ብዙ የለም። አዛውንቱንም፣ አለቃውንም «አንተ» ብለን ነው ያደግነው፤ ፍቅር ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ግን ባጃጅ ነጂው፣ ባለሱቁ፣ ያስተማርኳቸው ልጆች ሳይቀሩ «እርሶ» ይሉኛል። አክብረውኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ከመሃላቸው ገፋ የሚያደርጉኝ ይመስለኛል።

በማግስቱ ወደ ሐረር ወጣሁ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ሚኒባስ ያዝኩ። የደንገጎን ዳገት ስትወጡ ያለው ብርድ እንደ ድሮው ነው፤ መስኮት ያስዘጋል። ሐረማያ ላይ ግን አንገቴን አዙሬ አየሁ። በ1981 ከእናቴ ጋር ሳልፍ ሐይቁ ሰፊ ነበር። ከዚያ ዓመት በዓመት ሲሸሽ አየነው፤ መጨረሻ ላይ ጨርሶ ደረቀ፤ ከብት ሲግጥበት በዓይኔ አይቻለሁ። አሁን ውሃው ተመልሷል። የድሮውን ያህል ይሁን አይሁን በዓይን መለካት አልቻልኩም። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ስልኳን ነበር የምታየው። ደርቆ እንደነበር ልነግራት ፈልጌ ተውኩት።

አሁን ወደ ሰውየው ልምጣ።

ሰላምታ ሰጥቶኝ ፌስታሉን ተቀበለኝ። እኔን አልለካም። መጀመሪያ ኮቱን ገለበጠው። ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ አውራ ጣቱን በጎን ስፌቱ ላይ ከብብት እስከ ታች ቀስ አድርጎ አስኬደው። ዓይነ ስውር ሰው ፊት እንደሚዳስስ። ወገቡ አካባቢ ሲደርስ ቆመና ተመለሰ። ከዚያ ኮሌታውን አነሳ፣ ከሥሩ አየው፣ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ።

«እናቴ፣ ይሄን ማን ሰፋልሽ?»

«አንቺ» አለኝ። ልቤ በዚያች ቃል ብቻ ደስ አለው።

ነገርኩት። ሽማግሌ፣ ሂና የተቀባ ጢም፣ እዚሁ ጎዳና ላይ። ሳቅ አለና ሲንጀሩን መታ መታ አደረገው። «የሱ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ከሱ ጋ ነው ሥራ የለመድኩት። ከሞተ ዐሥራ ስድስት ዓመቱ። ኮሌታው ሥር ያለውን እዪው፤ ይሄን ሁልጊዜ በእጁ ነበር የሚሰፋው። መኪና አያስነካውም።»

አየሁት። ትናንሽ፣ ወደ አንድ ጎን ያዘነበሉ የእጅ ስፌቶች። ልብሱን ስንት ዓመት ስለብሰው ኮሌታውን ገልብጬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ምላጭ አወጣና ገበሩን በጎን በኩል ተረተረው። ውስጡን ወደ በሩ ብርሃን አዞረልኝ። በየስፌቱ፣ ግራና ቀኝ፣ ሁለት ጣት የሚያህል ትርፍ ጨርቅ ታጥፎ ተቀምጧል። በሁለቱ ጎን፣ በጀርባው መሃል፣ በእጅጌው ሥር። የጉርዱ ቅምቅማት ደግሞ አራት ጣት ይሆናል። ብብቱ ሥር፣ ገበሩ ውስጥ፣ መዳፍ የምታክል አራት ማዕዘን ቁራጭ በቀይ ክር ተይዛ ተለጥፋለች። ለመጣፊያ የተቀመጠች መሆኗ ነው። ቀለሟ ጥቁር ሰማያዊ ነው። ጎረቤታችን ሳጥኗን ከፍታ ጨርቁን ያሳየችን ቀን የነበረው ቀለም። ረስቼው ነበር። እኔ ልብሱ ድሮም አመድማ የነበረ መስሎኝ ነበር የምኖረው።

ቁራጩ አልተበላም። እላዬ ላይ ነበር።

ለሰውየው ነገርኩት። ሽማግሌውን ስንት ዓመት እንደማማሁት ሳልደብቅ ነገርኩት። ቀና ብሎ አላየኝም፤ ክር እየመዘዘ ነው የመለሰልኝ። «እሱ ቁራጭ አይወስድም። ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው። ለወጣት ሴት ሲሰፋ ደግሞ ያበዛዋል። ትወልዳለች፣ ትወፍራለች፣ ልብሷን ግን መጣል የለባትም ይል ነበር።»

አንድ ወንበር ሰጠኝ። ከጎረቤት ሱቅ አንዲት ሴት ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ በፔርሙዝ አምጥታ ቀዳችልኝ። ጨው ያላት፣ በወተት። ስጠጣ ስለዚያ ረጅም የሐረሪኛ ወሬ አሰብኩ። እናቴ ናት ትርፍ እንዲተው የነገረችው? ወይስ እሱ ነግሯት እሷ ተስማማች? መኪና ውስጥ «በላው» ስል ለምን ዝም አለችኝ? የምጠይቀው ሰው የለም። ሃያ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ሰውነቴ እንደዚያው የሚቀር ነበር የሚመስለኝ። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ከፊቴ ቆመው በማላውቀው ቋንቋ ስለ ሃምሳና ስለ ስድሳ ዓመቴ ሲነጋገሩ ሊሆን ይችላል።

ከዚያ ለካኝ። መጀመሪያ ልብሱን፣ ቀጥሎ እኔን። ቁጥሩን ጮክ ብሎ አይጠራም፤ በሳሙና ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ ይጽፋል። የልብሱ ወገብ 72። የሚያስፈልገኝ 80። ስምንት ሴንቲ። ከሁለቱ ጎንና ከጀርባው ስፌት ይወጣል አለኝ፤ ትርፍም ይቀራል። ወገቡ አልገረመኝም፤ አውቀዋለሁ። የገረመኝ ሌላው ነው። ኮቱን አስለብሶኝ ወደ ኋላ ራቅ አለና «ከኋላ አጥሮብሻል፣ ከፊት ረዝሞብሻል» አለኝ። ጀርባዬ ጎበጥ ማለት ጀምሯል ማለት ነው። ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ቀጥሎ ሁለት እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈና «ቦርሳ የምትይዢው በቀኝ ነው?» አለኝ። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ብሏል። ደብተር ነው። የሃምሳና የስድሳ ልጅ ደብተር፣ ሠላሳ አምስት ዓመት፣ ማታ ወደ ቤት ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት። «አስተማሪ ነበርኩ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። በቀኝ በኩል ያለውን የትከሻ ስፖንጅ ትንሽ እንደሚያወፍረው፣ የፊቱን ጫፍ አንድ ሴንቲ ተኩል እንደሚያነሳው ነገረኝ። እንደ ሐኪም አላስፈራራኝም፤ «አርጅተሻል» አላለኝም። ልብሱ እኔን እንዲከተል ምን ማድረግ እንዳለበት ብቻ ነው የተናገረው።

አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀኝ። ስፌቱ ሲለቀቅ ተደብቆ የኖረው ጨርቅ ወደ ውጪ ይወጣል። በሁለቱ ጎንና በጀርባው ላይ ሁለት ሴንቲ ተኩል የሚሆን ጥቁር ሰማያዊ መስመር ይታያል። «ቀለም ላስነክርልሽ እችላለሁ። ወይም በጥብጣብ እሸፍነዋለሁ።» እንዳለ ይሁን አልኩት። አላመነኝም መሰለኝ፤ ጨርቁን እንደገና ብርሃን ላይ አወጣልኝና «ይታያል እኮ» አለ። እንዲታይ እፈልጋለሁ አልኩት።

አሁን ጉድለቱን ልንገራችሁ፤ ከድሬ ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል።

ቀጠሮ አያከብርም። ለሐሙስ ብሎኝ ሐሙስ ስሄድ ገና እጅጌው አልተገጠመም። ቅዳሜ ተመለስኩ። ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ በኔ ዕድሜ ቀላል አይደለም፤ ጉልበት አለ፣ የሚኒባስ ወንበር አለ። ስልክ ደውላችሁ «አለቀ?» ብላችሁ ሳታረጋግጡ አትውጡ። መለኪያ ክፍልም የለም። በጎረቤት ሱቅ መጋረጃ ጀርባ ነው የምትቀይሩት፤ ጨለማ ነው፣ መስታወቱም ደረት ድረስ ብቻ ነው የሚያሳየው። ለጉርድ አይሆንም።

ገበሩን ይዛችሁ ሂዱ። እሱ ጋ ያለው የሚያንሸራትት፣ ሙቀት የሚይዝ ዓይነት ነው። ለሐረር አየር ያስኬዳል፤ ለድሬ ሰው ግን ላብ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ አስገባሁት፤ ቆጨኝ። አንዱን ቁልፍም የማይመሳሰል ገጥሞልኝ ነበር። ስነግረው ሳይከራከር እዚያው ፈቶ ቀየረው። በብሉ የተበላውን ቦታ የደፈነበት መንገድ ግን የእጅ ሥራ የሚወድ ሰው ሄዶ ሊያየው የሚገባ ነው። ከዚያች መዳፍ ከምታክል ቁራጭ ክር በክር መዘዘና በመርፌ ሸመነው። ኪሱ ጥግ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጥቁር ሰማያዊ ነጥብ ሆና ቀርታለች። ካልነገርኳችሁ አታዩአትም። የተረፈችውን ቁራጭ መልሶ እዚያው ብብቱ ሥር ሰፋት። «ለሌላ ጊዜ» አለኝ።

ለሁሉም ነገር፣ ገበሩን ጨምሮ፣ 1,800 ብር ከፈልኩ። በ1981 ሙሉውን ሲሰፋ እናቴ 40 ብር ነበር የከፈለችው። አይነጻጸርም፤ ጊዜውም ገንዘቡም ሌላ ነው። ዛሬ ድሬ ውስጥ አንድ ተራ አዲስ ኮት ከሚጠየቅበት ዋጋ አንጻር ግን ተመጣጣኝ ነው፤ ሦስት ቀን ሙሉ የተቀመጠበት ሥራ መሆኑን ደግሞ አይቻለሁ። ሱቁ የሚከፈተው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ከቀትር በፊት ድረሱ። ከዚያ በኋላ በርጫ ነው፤ ሥራው አይቆምም፣ እጁ ግን ይዘገያል።

መብራት ቢጠፋ አትጨነቁ። ጎዳናው ላይ ሞተር የተገጠመላቸው የልብስ መኪኖች በዝተዋል፤ እነሱ መብራት ሲሄድ ዝም ይላሉ። ቅዳሜ እኔ እያለሁ ጠፋ። ግማሹ ጎዳና ጸጥ አለ፤ የሱ ፔዳል ግን ቀጠለ። ያኔ በ1981 የሰማሁት ድምፅ ራሱ ነው። ጣቶቼን ጉርዱ ላይ አድርጌ ሰማሁ።

ልብሱን ፌስታል ውስጥ አልከተትኩትም። እዚያው መጋረጃ ጀርባ ለብሼው ወጣሁ። ቁልፉ ተዘጋ። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው እኩል ሆነ፤ ቢያንስ ለሚያየኝ ሰው። ወደ ፈረስ መጋላ ስመለስ አንዲት የቲማቲም ነጋዴ ጀርባዬን አይታ «አቦ፣ ይሄ ዲዛይን ነው?» አለችኝ። የጥንቱ ጨርቅ መሆኑን ነገርኳት። ተነስታ በጣቷ ነካችው።

ሚኒባሱ ውስጥም ኮቱን ለብሼ ነበር። ደንገጎን ስንወርድ የድሬ ሙቀት በመስኮት ገባ። አወለቅኩት። ደማቁ መስመር ፀሐይ እንዳያገኘው ገልብጬ አጠፍኩትና ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት።